እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚህ ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ አዳራሽ ያወራሁት ነው። ሰምተው ሲወጡ "ጻፈው" ያሉኝ ሰዎች ስለነበሩ ጻፍኩት። በአፌ ያልኩትን ብዙም አልነካካሁትም። ሲሳቅ የነበረበትን ቦታ ግን መጻፍ አልቻልኩም።

እንደምን ዋላችሁ። የማወራው ስለ ሙቀት ነው፤ ግን መጀመሪያ ኪሳራዬን ልንገራችሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የእንቁላል መፈልፈያ ገዛሁ። ከኮምፔርሳቶ የተሠራ ሳጥን ነው፤ ከፊቱ ትንሽ መስታወት አለው። ሙቀቱን የሚሰጡት አራት አምፖሎች ሲሆኑ አራቱም አንድ ጎን ላይ፣ ያውም ከላይ በኩል ተደርድረዋል። የሸጠልኝ ሰው "38 ላይ አድርገውና እርሳው" አለኝ። እኔም ረሳሁት። ጎረቤቴ ካሉ አንዲት እናት 60 የሐበሻ እንቁላል ገዝቼ ከታች ባለው ወንፊት ላይ ደረደርኩና "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያልኩ 21 ቀን ጠበቅኩ። በእግሩ የሄደው 9 ብቻ ነው። ዘጠኝ! እኚያ እናት መጥተው ሳጥኑን በመስታወቱ አዩና "ልጄ፣ ዶሮ እኮ ከጎን ቆማ አትታቀፍም" አሉኝ። የመካኒካል ምህንድስና ዲግሪ ያለኝ እኔ ነኝ፤ ችግሩ የት እንዳለ በጣታቸው ያሳዩኝ ግን እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ቴርሞሜትር ይዤ ሳጥኑን በየጥጉ የለካሁት። ከላይ፣ አምፖሎቹ አጠገብ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያው ባለበት ቦታ 38 ዲግሪ። ከታች፣ በወዲያኛው ጥግ 33። ሳጥኑ አንድ ነው፤ ውስጡ ግን ደጋና ቆላ ሆኗል። መቆጣጠሪያው አልዋሸም፤ የእሱን ሰፈር ሙቀት ነው የነገረኝ።

ዛሬ የማወራው ለምን እንዲህ እንደሆነ ነው። በተዘጋ ነገር ውስጥ ያለ አየር፣ ማንም ሳያራግበው፣ ግድግዳው አንዱ ሲሞቅ አንዱ ሲቀዘቅዝ በራሱ ይዞራል። በእንግሊዝኛው አፍ የተፈጥሮ ኮንቬክሽን የሚባለው ይኸው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የሞቀ አየር ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይቀልላል፣ የከበደው ጎረቤቱ ከሥሩ ገብቶ ወደ ላይ ያነሳዋል። ብዙ ሰው "ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል" ይላል። ሙቀት ራሱ ወደ ላይ መውጣት አይወድም፤ ብረት ብታግሉ ወደ ታችም ወደ ጎንም እኩል ነው የሚሄደው። ወደ ላይ የሚወጣው የሞቀው አየር ነው፤ እሱም ቢሆን ከሥሩ የሚገባ ቀዝቃዛ ካገኘ ብቻ ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ ትመጣለች።

አሁን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሳጥን እዩ። የዓሣ ማስቀመጫ መስታወት ነው፤ በኮምፔርሳቶ ከድኜዋለሁ። በስተቀኝ በኩል ከውጭ በላስቲክ የታሰረ በረዶ ተደግፏል። በስተግራ የፈላ ውሃ ያለበት ላስቲክ አደርጋለሁ። ውስጡ ትንሽ የእጣን ጭስ ከትቻለሁ። ጭሱ ሲገባ ራሱ ትኩስ ስለሆነ ወዲያው ብታዩት ያሳስታል፤ ለዚህ ነው ቅድም ስንጨባበጥ ጀምሮ እንዲረጋ የተውኩት።

የፈላውን ውሃ መጀመሪያ ከላይኛው ግማሽ ላይ ላድርገው። አያችሁ? ጭሱ ከላይ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ከመሃል በታች ያለው እንደ ጭጋግ ተኝቷል፤ በረዶው አጠገብ ወርዶ የተኛው ቀዝቃዛ አየር የሚያነሳው የለም። አሁን ያንኑ ውሃ፣ ያንኑ ላስቲክ ወደ ታች ላውርደው። ትንሽ ታገሡ። ይኸው! በግራ ግድግዳ ሽቅብ፣ በክዳኑ ሥር ወደ ቀኝ፣ በበረዶው በኩል ቁልቁል፣ በወለሉ ተመልሶ። ሳጥኑ ሙሉውን ዞረ። የሰጠሁት ሙቀት ያው ነው። የቀየርኩት ቦታውን ብቻ ነው።

የእኔ መፈልፈያ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። ፍሪጅ የሚሠራ ሰው ደግሞ ይህን በግልባጩ ያውቀዋል። ማራገቢያ የሌለው የድሮ ፍሪጅ በረዶ ቤቱ ሁልጊዜ ከላይ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር ወርዶ የሞቀውን እንዲያነሳ። ከታች ቢያደርጉት ቅዝቃዜው እዚያው ወለሉ ላይ ተኝቶ ይቀር ነበር። የሻወር ቦይለርም ማሞቂያው ታች ያለው ለዚሁ ነው።

እሺ፣ ከታች ሲሞቅ አየሩ መቼ ነው የሚነሳው? ትንሽ ሙቀት ልዩነት በመጣ ቁጥር አይደለም። ሁለት ነገሮች ይታገላሉ። አንዱ ገፊ ነው፦ የሙቀት ልዩነቱ፣ የስበት ኃይል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የክፍተቱ ስፋት። ሌላው ያዥ ነው፦ የአየሩ መጣበቅ፣ ማለትም እንደ ማር መዝለግለግ (አየርም በአቅሙ ይዝለገለጋል)፣ እንዲሁም ሙቀቱ ሳይንቀሳቀስ በዝምታ ተላልፎ መጥፋቱ። ገፊውን ለያዡ ስታካፍሉ አንድ ቁጥር ይወጣል። የሬይሊ ቁጥር ይባላል፤ በእንግሊዛዊው ፊዚሲስት በሎርድ ሬይሊ ስም። እሱ በፈረንጆቹ በ1916 ከታች የሚሞቅ ስስ ፈሳሽ መቼ መዞር እንደሚጀምር በሒሳብ አሳየ። ከላይና ከታች ጠንካራ ገጽ ሲኖር የመነሻው ቁጥር 1,708 ነው። ከዚያ በታች አየሩ ቁጭ ብሎ ሙቀቱን እጅ በእጅ ያቀባብላል። ከዚያ በላይ ይነሳና ተሸክሞት ይሄዳል።

ስፋቱ ከሁሉም በላይ ነው ያልኩት በሒሳቡ ውስጥ ሦስት ጊዜ በራሱ ስለሚባዛ ነው። ሁለት ዝርግ ነገር አንዱን ባንዱ ላይ አንጥፋችሁ በመካከላቸው 1 ሴንቲ ሜትር አየር ተዉ፤ የታችኛው ከላይኛው በ10 ዲግሪ ይሙቅ። ባሕር ጠረፍ ላይ ቁጥሩ 900 ገደማ ይመጣል። አይነሳም። 2 ሴንቲ አድርጉት፤ ስምንት እጥፍ ሆኖ 7,400 አካባቢ ይደርሳል። ተነሳ። ድርብ ግድግዳ ሲሠራ "ክፍተቱን ባሰፋው ይበልጥ ሙቀት ይይዛል" የሚል ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። አየር ጥሩ ሙቀት ያዥ የሚሆነው ሲተኛ ነው። ጋቢ የሚሞቀው በድሩና በማጉ መካከል አየሩን ጠፍንጎ ስለያዘው ነው።

ሬይሊ ሒሳቡን የሠራው ፈረንሳዊው ሄንሪ ቤናር በፈረንጆቹ በ1900 ያየውን ነገር ለመግለጽ ነበር። ቤናር ስስ ፈሳሽ ከታች ሲያሞቅ ገጹ ላይ የማር እንጀራ የመሰለ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ተደርድሮ አገኘ። ታዲያ የሚገርመው፣ በ1950ዎቹ እንደታወቀው፣ የቤናርን ቅርጽ በዋናነት የሠራው የአየር ወይም የፈሳሽ መቅለል ሳይሆን የፈሳሹ ገጽ መወጠር ነው። ሬይሊ ትክክለኛ መልስ ሰጠ፤ ጥያቄው ግን የሌላ ነበር። እኔ ይህን ታሪክ ስወደው! ትልቅ ሰው እንዲህ ሲሳሳት ለኛ ለትንንሾቹ መጽናኛ ነው።

እግረ መንገዴን፣ አንድ ተማሪ በፊት "የእንጀራ ዓይን የቤናር ቅርጽ ነው?" ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። ቆንጆ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን አይደለም ነው። የእንጀራ ዓይን ሊጡ ሲቦካ የተፈጠረው ጋዝና በምጣዱ ሙቀት የሚወጣው እንፋሎት የቀደዱት ቀዳዳ ነው። ሊጡ ለመዞር ጊዜም የለው፤ ወዲያው ይበስላል። እዚያ ላይ ያልተስተካከለ ሙቀት የሚያመጣውን ግን ሴቶቹ ያውቁታል፦ ምጣዱ መሃሉ ግሎ ዳሩ ሲቀዘቅዝ እንጀራው መሃሉ ያርራል፣ ዳሩ ይጣበቃል። እሳቱን የሚያሰራጩት በእንጨቱ አገባብ ነው።

ወደ ቆሙት ግድግዳዎች እንመለስ። ከታች ሲሞቅ መነሻ ቁጥር አለ አልን። ግድግዳው ቆሞ ከጎን ሲሞቅ ግን መነሻ የሚባል የለም። ትንሽ ልዩነት እንኳ ካለ አየሩ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ሙቀት እስኪሸከም ግን ጉልበት ይፈልጋል። ለዚህ በዓለም ላይ ያሉ የሲሙሌሽን ሰዎች (የአየርን ዙር በኮምፒውተር የሚያሰሉት) ሁሉ የሚፈተኑበት አንድ ሳጥን አለ። እኩል ጎን ያለው፣ ግራው ሙቅ፣ ቀኙ ቀዝቃዛ፣ ከላይና ከታች ሙቀት የማያሳልፍ። አውስትራሊያዊው ደ ቫል ዴቪስ በፈረንጆቹ በ1983 ለዚህ ሳጥን መልስ አወጣ፤ እስከዛሬ አዲስ ፕሮግራም የጻፈ ሰው መጀመሪያ ከዚያ ጋር ነው የሚያስተያየው። የሬይሊ ቁጥር 1,000 ሲሆን የሚያልፈው ሙቀት አየሩ ቁጭ ቢል ከሚያልፈው 1.118 እጥፍ ነው፤ ማለትም መዞሩ ምንም አልረዳም ማለት ይቻላል። ቁጥሩ 1,000,000 ሲሆን 8.8 እጥፍ። ገፊው ሺህ እጥፍ አድጎ ጥቅሙ ስምንት እጥፍ ያህል ብቻ! አየር ልግመኛ ሠራተኛ ነው፤ ብትጮኹበት ብዙም አይፈጥንም። ስለዚህ አምፖል መጨመር መፍትሔ አይደለም። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ላይኛው ጥግ ተቃጠለ እንጂ ታችኛው አልሞቀም።

ያ ሳጥን ግን የመማሪያ ሳጥን ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች እኩል ይሞቃል። በእውነተኛው ዓለም እንዲህ ያለ ግድግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የጠዋት ፀሐይ የቤታችሁን ምሥራቅ ግድግዳ ስትመታ የዛፉ ጥላ ግማሹን ይይዛል፣ መስኮቱ ሌላ ነው፣ ጥጉ ሌላ ነው። ለዚህ ነው አሁን አሁን ሰዎች ግማሹ ሙቅ ግማሹ ቀዝቃዛ፣ ወይም መሃሉ ሙቅ ሆኖ ወደ ዳር ቀስ እያለ የሚቀንስ ግድግዳ እየሳሉ የሚያጠኑት። ቀስ እያለ የሚቀንሰውን የሚመርጡበት አንድ የሒሳብ ምክንያትም አለ፦ ሙቅ ወለልና ቀዝቃዛ ግድግዳ ጥግ ላይ ሲገናኙ እዚያች ነጥብ ላይ ሙቀቱ በድንገት ይዘልላል፣ ሒሳቡም መጠን የሌለው ሙቀት ያልፋል ብሎ ያብዳል። ወደ ዳር ሲሄድ እንዲቀንስ ካደረጋችሁት እብደቱ ይጠፋል። ተፈጥሮም ጥግ ላይ አትዘልም፤ ኮምፔርሳቶውም ትንሽ ያስተላልፋል።

ከዚህ ሁሉ ጥናት ለእኛ ለባለ ሳጥኖቹ የሚተርፈው በመስታወቱ ያያችሁት ነው። ትኩሱን ከፍ ስታደርጉት ከሱ በታች ያለው አየር ይሞታል። ዝቅ ስታደርጉት ዙሩ ሁሉንም ይዳስሳል። ሁለት ቦታ ከፍላችሁ በግራም በቀኝም ታች ላይ ካደረጋችሁት ሁለት ዙር ይሠራል፤ መሃል ላይ ተገናኝተው ይወጣሉ ወይም ይወርዳሉ፣ እንደ ቀዝቃዛው ቦታ።

አሁን የጎንደርን ነገር ላምጣ። "ፋሲልን ትጠራለህ ብለን ነበር" የሚል ፊት አያለሁ። በ1628 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረውን ግቢ ለአስጎብኚዎቹ ትቼዋለሁ፤ እኔ የምፈልገው ከፍታችንን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሽሮው የሚቆየው ለዚህ ነው። አየራችን ባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ገደማ ይሳሳል። የሳሳ አየር ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የሚቀጣው፤ መግፊያውም ያንሳል፣ መያዣውም በአንጻሩ ይበረታል። ውጤቱ፣ ያው ሳጥን በያው የሙቀት ልዩነት እዚህ ሲሆን የሬይሊ ቁጥሩ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። አየሩ ተሸክሞ የሚወስደው ሙቀት ደግሞ ከ12 እስከ 15 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ቅድም ያልኩት ሁለት ሴንቲ ክፍተት ከ7,400 ወደ 4,500 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው።

ይህ ጥሩም መጥፎም ነው። ድርብ ግድግዳ ለሚሠራ ጥሩ ነው፤ ክፍተቱን ትንሽ ቢያሰፋውም አየሩ ቶሎ አይነሳበትም። ኢንቨርተር ወይም ቻርጀር በተዘጋ ቁምሳጥን ውስጥ ለሚያስቀምጥ መጥፎ ነው። የብዙ ዕቃ መመሪያ ከ1,000 ወይም ከ2,000 ሜትር በላይ አቅሙን ቀንሱ የሚለው በከንቱ አይደለም። ማንም አያነበውም እንጂ። ለመፈልፈያውም፣ የተጻፈው መለኪያ ለሌላ አገር አየር ከሆነ እዚህ ሲመጣ በውስጡ ያለው የላይና የታች ልዩነት ሊሰፋ እንደሚችል ጠብቁ።

ሌላው የጎንደር ነገር ቆርቆሮው ነው። ከቆርቆሮና ከኮርኒስ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ አስቡት፤ የአቡጀዲም ይሁን የኮምፔርሳቶ ኮርኒስ። ሦስት ማዕዘን ሳጥን ነው። ቀን ቆርቆሮው ይግላል። ትኩሱ ከላይ ነው፤ የሞቀው አየር ቆርቆሮው ሥር ተለጥፎ ይቀራል፣ አይወርድም። ታዲያ ቤቱ ለምን ይሞቃል? ሙቀቱ በአየር ሳይሆን በጨረር ነው የሚወርደው፤ የምድጃ ፍም ፊታችሁን እንደሚያሞቀው። ስለዚህ ቀን የሚጠቅመው የሚያብረቀርቅ ፎይል ነው።

ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። አሁን ከታች ሙቁ ኮርኒስ፣ ከላይ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ። የታችኛው አየር ይነሳል፣ ቆርቆሮውን ይነካል፣ ቀዝቅዞ ይወርዳል። ሌሊቱን ሙሉ ይዞራል። ማታ የቆጠባችሁት ሙቀት ሁሉ በዚያ ዙር ተጭኖ ይሄዳል፤ ጠዋት ቆርቆሮው ሥር የምታዩት ጠብታም በዚሁ የወጣ እርጥበት ነው። ያው ቦታ ቀን በሩን የዘጋ ሌሊት የከፈተ ዘበኛ ሆነ ማለት ነው፤ የሚያናድደው ደግሞ እኛ ሌሊትም እንዲዘጋው መፈለጋችን ነው። ለሌሊቱ የሚሻለው ኮርኒሱ ላይ አየሩን ጠፍንጎ የሚይዝ ነገር፣ የጥጥም የፋይበርም ንጣፍ መዘርጋት ነው። አየሩ እንዲተኛ።

ሳጥኔን ምን አደረግኩት? አራቱን አምፖሎች አወረድኳቸው፤ ሁለቱን በግራ፣ ሁለቱን በቀኝ፣ ከወንፊቱ በታች። እንቁላሎቹን በቀጥታ እንዳያቃጥሉ በፊታቸው ቀጭን ቆርቆሮ ጋረድኩ። መቆጣጠሪያውን ከእንቁላሉ ወገብ ሳይሆን ከላይኛው ጫፉ እኩል ሰቀልኩት። ማራገቢያ በሌለው መፈልፈያ በእንቁላሉ ጫፍ ላይ 38.9 አካባቢ፣ ማራገቢያ ባለው ደግሞ 37.5 እስከ 37.8 የሚባለው ለዚህ ነው። ማራገቢያ ከሌለ የእንቁላሉ ላይና ታች እኩል አይሞቅም፤ ጫፉ 38.9 ሲሆን መሃሉ የሚፈልገውን ያገኛል። ቁጥሩን ከአንዱ ወስዶ ለሌላው የሚጠቀም ሰው ወይ ይቀቅላል ወይ ያቀዘቅዛል። በሁለተኛው ዙር ከ60ው 41 ተፈለፈለ። ለእኚያ እናት ሁለት ጫጩት ወሰድኩላቸው፤ "አሁን ታቀፍክ" አሉኝ። በኋላ ከተጣለ ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ፋን ነቅዬ ጨመርኩ፤ ፋን ከገባ ግን ነገሩ የተፈጥሮ መሆኑ ይቀራል፣ የዛሬው ንግግርም አያስፈልግም ነበር።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ልጻፍ።

አንድ ጋሼ እንዲህ አሉ፦ "ማታ ከሰል አጭሰን ቤት እናስገባለን። ጭሱ ከባድ ስለሆነ ታች ይቀራል፣ አልጋ ላይ የተኛ አይነካውም ይባላል። እውነት ነው?" ጋሼ፣ ውሸት ነው፤ ሰው የሚገድል ውሸት ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ክብደቱ ከአየር ጋር እኩል ለማለት ይቻላል፤ ጥቂት ይቀልል እንደሆነ ነው። ስለዚህ እንደ እጣኑ ጭስ ከሞቀው አየር ጋር ይነሳል፣ በኮርኒሱ ሥር ይሄዳል፣ በቀዝቃዛው ግድግዳ ይወርዳል። አልጋውንም ወለሉንም ያገኘዋል። ማንደጃው ፍሙ ቀልቶ "ጢሱ አልቋል" ስትሉም ጋዙ አላለቀም። ከመተኛታችሁ በፊት ወደ ውጭ አውጡት። በሩን ገርበብ ማድረግም ብቻውን አይበቃም።

ከኋላ የነበረች አንዲት ልጅ ደግሞ ያዘችኝ። "ትኩሱን ከታች አድርጉ አልክ። የጫጩት ማሳደጊያ አምፖል ግን ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚሰቀለው። ዶሮዋም ከላይ ነው የምትታቀፈው።" ልክ ነሽ። ዶሮዋ አየሩን አታሞቅም፤ ገላዋን እንቁላሉ ላይ ታሳርፋለች፣ ሙቀቱ በንክኪ ነው የሚገባው። የተሰቀለው አምፖልም አየሩን ብዙም አያሞቅም፤ ከላይ በጨረር ጀርባቸውን ነው የሚያሞቀው፣ እንደ ፀሐይ። ሥሩ ሙቅ፣ ዳሩ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ እዚያ ላይ ያልተስተካከለ መሆኑ ነው የሚፈለገው። አምፖሉ ሥር ተጠጋግተው ከተንጫጩ በርዷቸዋል፣ ዝቅ አድርጊው። ዳር ዳሩን ይዘው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፣ ከፍ አድርጊው። ጫጩት የሚመቻትን ቦታ በእግሯ ሄዳ ትመርጣለች፤ እንቁላል ግን እስከ 21ኛው ቀን ድረስ እግር የለውም።